በደጃፍ የተጋደመ ቀበቶ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ዐሥራ ሦስት ቀን፣ በኩዌት ምድር ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከዚያ ቀደም ብሎ አውሮፕላን መግባትና መውጣት አቁሞ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር፤ መስጊዱም ለሰጋጅ ተዘግቶ ሙአዚኑ በአዛኑ ላይ «በየቤታችሁ ስገዱ» የሚል ቃል መጨመር ጀምሮ ነበር። በሚያዝያ አጋማሽ የረመዳን ጾም ገባ። ግንቦት ሁለት ቀን አገሩ በሙሉ ለሃያ ቀን እንዲዘጋ ታዘዘ። ሰው በትኩሳት ሞተ፤ ሥራ የነበረው ሥራ አጣ፤ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሴቶች ስድስቱም ያለ ሥራ በዚያች ክፍል ቀሩ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በሰፈር ውስጥ በእግር መንሸራሸር ተፈቅዶ ነበር። የቤት ሠራተኞች አይውጡ የሚል አዋጅ አልወጣም፤ በሩ ብቻ አልተከፈተላቸውም።

በዚያ ወራት በጃብሪያ ሰፈር፣ በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ውስጥ፣ ዓሊያ ጁማ የምትባል የወረባቦ ሴት ታገለግል ነበር። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው፤ ኩዌት ከገባች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የመኖሪያ ወረቀቷ በስሙ የተያዘው ከፊሏ ዓቂድ ፈሪድ ይባላል፤ ዓቂድ በእኛ ኮሎኔል እንደ ማለት ነው። ዓቂድ ፈሪድ ዕድሜውን በግምጃ ቤት ብርድ ልብስና ጫማ ሲያድል የኖረ መኮንን ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ጠመንጃ ወዳድ ሆኗል። በየዓመቱ ወፎች በበረሃው ላይ በሚያልፉበት ወራት ከአንድ ልጁ ከዒሳ ጋር ለአደን ይወጣል። በዚያ ዓመት ወፉ አለፈ፤ ዓቂዱ ቤት ቀረ።

የጥይት መሸጫውም ተዘግቶ ስለነበር ዓቂዱ ባዶ ቀለሆቹን በቤቱ ራሱ ሊሞላ ተነሣ። የተተኮሰ ቀለህ በጆንያ አከማችቶ ኖሯል። ባሩዱንና መርፌው የሚመታውን ቆብ ከማን እንዳገኘ አልተናገረም፤ ፈቃድም አልነበረውም። መሙያ ማሽን በስልኩ አዝዞ ነበር፤ የመረጠው ከሁሉ ርካሹን ነው። ያንን ማሽን እግሩ በሚወዛወዝ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ባሩዱን ከመጣበት ዕቃ ገልብጦ ስም በሌለው የቡና ጠርሙስ ጨመረው፤ ጠርሙሱን ከውኃ ማሞቂያው አጠገብ አኖረው። መስፈሪያው የሳል መድኃኒት ማንኪያ፣ ሚዛኑ የዱቄት ሚዛን ሆነ። ቴሌቪዥን ከፈተ። ማታ ካፈጠረ በኋላም ሲጋራ ለኮሰ።

ክፍሉ በምድር ቤት ያለ ዕቃ ቤት ነው። የዓሊያ አልጋ ራስጌ ከዚያው ግድግዳ ጋር ይገናኛል።

መጥረጊያ ይዛ ስትገባ ይህን ሁሉ አየች፤ ደሟ ፈላ። የፈላውም ስለምታውቅ ነው።

አባቷ ሃምሳ አለቃ ጁማ በንጉሡ ዘመን በደሴ ጦር ሰፈር የጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ ከሠራዊቱ ሲሰናበት ወረባቦ ተመልሶ የገበሬውን ቀለህ ይሞላ ጀመር። ጥይት ውድ ነው፤ ማሽላውን ደግሞ ከርከሮና ዝንጀሮ አይምሩትም። የሃምሳ አለቃው ዕቃ ጥቂት ነበር፤ ጥቂቱም የተመረጠ። ባሩዱን በቆዳ በተለበጠ የእንጨት ሳጥን ከምድጃ አርቆ ያኖራል፤ ሁለት ዓይነት ባሩድ በአንድ ቀን አያወጣም። መጠቅጠቂያው የእንጨት ነው፤ ብረት በብረት ላይ አይመታም። ሚዛኑን ከአንድ ወርቅ አንጥረኛ በወይፈን ለውጦ ነበር ያመጣው፤ «ጠመንጃ ባይኖረኝ እዋሳለሁ፤ ሚዛን ባይኖረኝ ግን አልሞላም» ይል ነበር። እያንዳንዱን ቀለህ ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፤ የተሰነጠቀውን በድንጋይ ጨፍልቆ ይጥለዋል። ባሩድ የገባባቸውን ሁሉ አፋቸው ሳይዘጋ በፊት ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ይመለከታል። ከሁሉም በላይ ሥራ ሲጀምር የወታደር ቀበቶውን ፈትቶ በደጃፉ ላይ ያጋድማል። ቀበቶው እስኪነሣ ድረስ ማንም አይሻገርም፤ ማንም አያናግረውም። የግድ ሆኖ ሰው ካቋረጠው የጀመረውን ሁሉ ወደ ሳጥኑ ገልብጦ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

አንድ ቀን ብቻ ሳይገለብጥ ቀረ።

ዘመኑ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ዓሊያ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች ላሚቱ ገደል ገባች ብላ እየጮኸች ቀበቶውን ተሻገረች። አባቷ ሮጦ ወጣ፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ላሚቱን በገመድ አወጣት፤ ሃምሳ አለቃውም ላቡ ሳይደርቅ ተመልሶ ካቆመበት ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸው ጣሂር ማሽላውን ሲጠብቅ በከርከሮ ላይ ተኮሰ። የጠመንጃው መዝጊያ ተፈነቀለ፤ ቀኝ ዓይኑ ፈሰሰ።

ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሃምሳ አለቃ ጁማ መሬት መሬት እያየ፣ «አፈሙዙ ጭቃ ጎርሶ ነበር፤ ጥይቴ ምንም የለበትም» አለ። የባለሙያ ቃል ነውና ተቀበሉት። ጣሂር መሣሪያ መያዝ የማይገባው ዝርክርክ ተባለ፤ ከአባቱ የወረሰውን ምንሽር ቀበሌው ወሰደበት፤ ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭቃ አፈሙዝ ሆነ። ሕፃናት በመንገድ ጮኹበት፤ ሚስት ሲያጭ የሚስቱ ወገኖች ሳቁበት፤ ልጅ ሲወልድ ልጁ የጭቃ አፈሙዝ ልጅ ተባለች። ሽማግሌዎቹ የተነሡ ዕለት ጁማ የቀረውን ባሩድ መዝኖ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ ያየችው ዓሊያ ብቻ ናት። «አንዱ ሁለቴ ጎርሷል» አለ ለራሱ። ቀና ሲል ልጁን አያት። «አፍሽን ዝጊ» አላት።

ዘጋች። አባቷ ከሞተ በኋላም ዘጋች።

ያቺ የጭቃ አፈሙዝ ልጅ የተባለችው ነጃት ጣሂር ከብዙ ዘመን በኋላ ኩዌት መጥታ በኩዌት ሲቲ አንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ከአምስት ሴቶች ጋር ጀህራ ትኖራለች፤ ጸጉር ቤቱ ሲዘጋ እሷም እዚያው ተዘጋች። ነጃት ገና እንደ መጣች ዓሊያ ፈልጋ አግኝታት ነበር፤ ስትታመም በዕረፍት ቀኗ እየሄደች አስታመመቻት፤ አገር ሲዘጋም ዕቃ ከሚያደርስ ሾፌር ጋር ሩዝና ዘይት ትልክላት ነበር።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ የሥጋ ዘመዴ አይደለሽም» አለቻት ነጃት አንድ ቀን በስልክ። «ለምንድን ነው እንዲህ የምትሆኚልኝ?»

«የአገሬ ልጅ ስለሆንሽ።»

«ከወረባቦ የመጣነው እዚህ ሃያ እንሆናለን። ሌሎቹ የጭቃ አፈሙዝ ልጅ እያሉ ይስቁብኛል እንጂ ሩዝ ሲልኩልኝ አላየሁም።»

«ማዳም ጠራችኝ» ብላ ዓሊያ ስልኩን ዘጋች። ማዳም፣ የዓቂዱ ሚስት፣ አልጠራቻትም ነበር።

እንግዲህ ዓሊያ መጥረጊያዋን ይዛ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ስትቆም ይህ ሁሉ በውስጧ ነበር።

«ባባ፣ ይህ ሚዛን የዱቄት ነው» አለች።

«ቢሆንስ?»

«ዱቄት ቢበዛ ቂጣው ይወፍራል። ባሩድ ቢበዛ ፊት ይሄዳል።»

ዓቂድ ፈሪድ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። «ማዳም! ነይ ስሚ! ሠራተኛሽ ጄኔራል ሆናለች! ከየትኛው የጦር ትምህርት ቤት ነው የተመረቅሽው፣ ዓሊያ?»

«ከአባቴ ቤት። እሱ ባሩድ አጠገብ እሳት አያስጠጋም ነበር።»

«አባትሽ ማሽን ነበረው?»

«አልነበረውም። ማሽንዎ መጥፎ ነው አላልሁም፤ ግን የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ በያንዳንዱ ግፊት መስፈሪያው ይናጋል። ከባድ ጠረጴዛ ላይ በብሎን ይታሰር። ባሩዱ ወደ መጣበት ዕቃ ይመለስ፤ ስሙ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከማሞቂያውም ይራቅ። መነጽር ያድርጉ። ሚዛን ደግሞ ማዳም ያን ውድ ቅመም፣ ሳፍሮኑን፣ የምትመዝንበት ሚዛን አላት፤ ያቺ የቅንድብ ፀጉር ክብደት ታውቃለች።»

«የሳፍሮን ሚዛኗን ከነካሁማ ባሩዱ ሳይቀድም እሷ ነች የምትገድለኝ!» አለ፤ በራሱ ቀልድ ደግሞ ሳቀ።

ጠርሙሱን ግን ከማሞቂያው አራቀ፤ የአትክልተኛውን የብረት ጠረጴዛም እሷው እንድትጎትትለት አዘዘ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው። ሚዛኑ የዱቄቱ ሚዛን ሆኖ ቀረ፤ ማንኪያውም ማንኪያ ሆኖ ቀረ። አንድ ኮሎኔል ሚስቱን ፈርቶ የልጁን ፊት በግምት ይሰፍር ነበር።

ዓሊያ ከአሮጌ ልብሶቹ መካከል የደንብ ልብሱን ቀበቶ ፈልጋ በበሩ ላይ አጋደመችው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው? እባብ መስሎኝ ደነገጥሁ እኮ!»

«ይህ እስካለ ድረስ ማንም አይገባም፣ ባባ። እርስዎም ቢሆኑ ጀምረው አይወጡም። ከወጡ ሁሉንም ገልብጠው ከአንድ ይጀምሩ።»

«የሐበሻ አስማት» አለ። ቀበቶውን ግን አላነሣውም፤ ምናልባት ደስ ብሎት ይሆናል፤ ቀበቶውን የሚያከብር ሰው ካየ ቆይቶ ነበር።

ግንቦት ዐሥራ ሦስት ቀን፣ ለኢድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ዓቂዱ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ይሞላ ነበር። ዒሳ የሚኖረው ከሚስቱ ጋር በሌላ ሰፈር ነው፤ አገር የተከፈተ ዕለት መጥቶ ጥይቱን ሊወስድ፣ ወደ በረሃ ወጥቶም ዒላማ ሊተኩስ ተስማምተዋል። ዓሊያ በአገናኝ መንገዱ ልብስ ትተኩሳለች። ስልክ ጮኸ፤ ማዳም ከፎቅ ላይ ጮኸች፤ የዓቂዱ ታላቅ ወንድም መተንፈስ አቅቶት ሆስፒታል ገብቶ ነበር።

«ዓሊያ! ባባን ጥሪው! ቶሎ!»

ዓሊያ በሩ ድረስ ሄዳ ከቀበቶው ወዲህ ቆመች። «ባባ፣ የያዙትን ሲጨርሱ ማዳም ትፈልግዎታለች።»

«ሲጨርሱ?» ማዳም ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። «ሰው እየሞተ ሲጨርሱ? ምን ገትሮ ያዘሽ?» በክንዷ ገፍታት፣ ቀበቶውን ተሻግራ ገባች።

ዓቂዱ ማንኪያውን እንደ ያዘ ተነሣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከፎቅ ላይ በስልክ ሲጮኽ፣ ሲያለቅስ፣ ሐኪም ሲለማመጥ ተሰማ። ከዚያ ጾሙ ከንፈሩን አድርቆት፣ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ፤ ተቀመጠ፤ ማንኪያውን ወደ ባሩዱ ሰደደ።

«ባባ፣ የቱ ጋ እንደ ቆሙ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ይገልብጡት። እባክዎ። ሁሉንም ይገልብጡና ከአንድ ይጀምሩ።»

«ውጪ!»

«ቢያንስ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው ይዩት።»

«ወንድሜ እየሞተ ነው፤ አንቺ ታስተምሪኛለሽ? ውጪ ብያለሁ!»

ሃምሳውን ቀለህ ሁሉ ሞልቶ፣ አፋቸውን ዘግቶ፣ በካርቶን ደርድሮ ሄደ። ዓሊያ ካርቶኑን ቆማ አየችው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ቁጣ ነበር ያን ጊዜ የተነሣባት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ገና አልለየላትም። በማግስቱ ማለዳ ካርቶኑን አንሥታ ከእሳትም ከማሞቂያም በራቀው በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በባዶ የሳሙና ባልዲ ውስጥ ደበቀችው፤ በላዩ የወለል ጨርቅ ደረበችበት።

የኢድ ዕለት ዒሳ በስልክ «ጥይቴ ደርሷል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ዓቂዱ ሊያይ ወረደ። ካርቶኑ የለም። ጩኸቱ ጎረቤት ደረሰ።

«ሌባ! በዐሥራ አንድ ዓመት እንጀራዬ ሌባ አሳደግሁ!»

«አልሰረቅሁም። ደብቄዋለሁ። ሃምሳው አንድ በአንድ ካልተመዘነ አላወጣውም።»

ሻንጣዋን ዘርግፎ ልብሷን በእግሩ በተነው፤ ስልኳን ወሰደ። ያን ዕለት ነጃት የኢድ ሰላምታ ልታቀርብ ስትደውል ያነሣው እሱ ነበር፤ «ጓደኛሽ ሌባ ናት፤ ሁለተኛ እዚህ እንዳትደውይ» ብሎ ዘጋባት።

«ፖሊስ እጠራለሁ!» አለ ተመልሶ።

«ይጥሩ» አለች ዓሊያ። «ሲመጡ ባሩዱ ያለበትንም አሳያቸዋለሁ። ፈቃድዎን ያኔ ያሳዩዋቸዋል።»

ዓቂድ ፈሪድ የራሱን ስልክ መልሶ ኪሱ ከተተው። ፖሊስ አልተጠራም። «አገር ሲከፈት በመጀመሪያው አውሮፕላን ትሄጃለሽ፤ በሌብነት መባረርሽም በወረቀት ይጻፋል» አለና ወጣ። ስድስት ቀን ማንም በስሟ አልጠራትም። ሰሐን ስታጥብ፣ ወለል ስትወለውል፣ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ ግንቦት ሃያ ሦስት አገር ይከፈታል፤ ዒሳ ይመጣል። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ጤነኛ ናቸው።

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን ጠዋት ማዳም ብቻዋን ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የምትወደው ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ከሆስፒታል በሕይወት መመለሱ የዚያን ዕለት ተነግሯት ነበር፤ ያም ልቧን ሳያለሰልሰው አልቀረም።

«ዐሥራ አንድ ዓመት አንዲት የሻይ ማንኪያ አልጠፋብኝም» አለች። «ጥይት ምን ያደርግልሻል? ንገሪኝ።»

ዓሊያ ነገረቻት። ላሚቱን፣ ገደሉን፣ ቀበቶውን፣ የጣሂርን ዓይን ነገረቻት። ይህን በሕይወቷ ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ማዳም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስልኩ የተደወለ ዕለት ቀበቶውን የተሻገርሁት እኔ ነኝ» አለች ማዳም ቀስ ብላ።

«አዎ፣ ማዳም።»

ማዳም ተነሥታ ከላይኛው ሣጥን የሳፍሮን ሚዛኗን አወረደች። ዓሊያ የጋዙን ቧንቧ ከዋናው ዘጋች፤ ስልክም ሬዲዮም ከክፍሉ አወጣች፤ ባልዲውን አመጣች። የማዳምን መቀነት ከወገቧ አስፈትታ በወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ አጋደመችው። ማዳም አልሳቀችም።

አንድ በአንድ መዘኑ። ዓሊያ ታስቀምጣለች፤ ማዳም ታነባለች። ቁጥሩ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይራራቅም። ዐሥር አለፈ። ሃያ አለፈ። በሠላሳው ማዳም «የለም እንግዲህ» ማለት ጀመረች። ሠላሳ አንደኛው ሲቀመጥ አነበበች። አንሥታ እንደገና አስቀመጠችው። ያው ነው። ከሁሉ ይከብዳል፤ ጥቂት አይደለም የሚከብደው።

ዓቂዱ ተጠራ። «ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለ።

«ለሠላሳው ያልተበላሸ ለዚህ ብቻ ተበላሸ? ክፈተው» አለች ማዳም።

በቢላዋ አፉን ፈልቅቆ እርሳሱን አወጣ፤ የቀረውን በነጭ ሰሐን ላይ ገለበጠው። ከጎኑ ከሌላ ቀለህ አውጥቶ ገለበጠ። ሁለት ክምር ባሩድ ጎን ለጎን ተቀመጠ፤ አንዱ የአንዱ እጥፍ ነበር። የዓቂድ ፈሪድ ፊቱ ሽሮ መሰለ።

«ይህ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለ። «ዒሳም እንዳይሰማ። ጥይቱ በእርጥበት ተበላሸ እንለዋለን።»

«እኔስ?» አለች ዓሊያ። ቁጣዋ አሁን ወጣ። «እኔስ ሌባ እንደተባልሁ ልቅር? ለልጅዎ ነግረዋል፤ ለነጃት ነግረዋል፤ ለጎረቤት ጮኸዋል። ‹ያጠፋሁት እኔ ነኝ› ይበሉ! በዚያው አፍዎ ይበሉ! ምን ያስፈራዎታል? ሁለቴ ያጎረሰው እጅዎ ነው፤ ስም የጠፋው የኔ ነው፤ ይህ ፍርድ ነው?»

ዓቂዱ ዞሮ ወጣ፤ የደረጃውን ብረት ይዞ እየከበደው ወደ ፎቅ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

ማዳም ግን ስልኳን አነሣች፤ ዓሊያ እየሰማች ልጇን ጠራች። «ዒሳ፣ ልጄ፣ አባትህ የሞላው ጥይት ፊትህን ሊወስደው ነበር። ሲሞላ ያቋረጥሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ዓሊያ አልሰረቀችም፤ ያዳነችህ እሷ ናት። ይህን ለአጎትህም ለሁሉም ንገር።» ከዚያ የዓሊያን ስልክ ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ሰጠቻት።

ዓሊያ ስልኩን ይዛ ክፍሏ ገባች፤ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀመጠች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። «በዚያው አፍዎ ይበሉ» ብላ የጮኸችው ድምፅ በጆሮዋ ውስጥ አልወጣ አላት። ማዳም ቀበቶውን ተሻገረች፤ በዘጠነኛው ቀን ተናገረች። እሷ ራሷም በልጅነቷ ተሻግራ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት አፏን ዘግታ፣ ኋላም ሩዝ ስትልክ፣ ልብስ ስታካፍል፣ በሽተኛ ስታስታምም የኖረችው ያችን አንዲት ቃል ላለመናገር ነበር። ቁጣዋ በማን ላይ እንደሆነ አሁን ለየላት።

የጣሂርን ቁጥር ታውቀዋለች፤ ነጃት ከሰጠቻት አራት ዓመት ሆኖታል፤ ደውላበት አታውቅም።

«ማነው?»

«ዓሊያ ነኝ፣ ጋሽ ጣሂር። የሃምሳ አለቃ ጁማ ልጅ።»

«ዓሊያ! ምነው? ነጃት ታመመች? በሽታው ነካት?»

«ነጃት ደህና ናት። ጉዳዩ የኔ ነው። ተቀምጠዋል?»

«ቆሜያለሁ። ተናገሪ።»

ተናገረች። ምንም አላሳመረችም፤ የልጅነቷንም ዕድሜ ምክንያት አላደረገችም። ስትጨርስ ስልኩ ውስጥ ዶሮ ጮኸ።

«ላሚቱ ገደል የገባች ዕለት?» አለ ጣሂር።

«ያን ዕለት።»

«ላሚቱን በገመድ ከጎተቷት አንዱ እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽ ሲሞት መቃብሩን የቆፈርሁትም እኔ ነኝ። በአንድ ዓይን።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ታውቂያለሽ!» አለ። «ያን አፈሙዝ በየማለዳው ቅቤ በነካ ጨርቅ እወለውለው ነበር! አባቴ ሲሞት አደራ ያለኝን! ለማን ልንገር? ማን ያምነኛል? ሃምሳ አለቃው ተናግሯል! እኔ ራሴ እንኳ አንዳንድ ቀን፣ ምናልባት ያን ዕለት ረስቼ ይሆን እንዴ እያልሁ ራሴን ጠረጠርሁ። በገዛ እጄ ላይ እምነት አሳጣችሁኝ! ዓይኑስ ይሂድ፤ ዓይን በበሽታም ይጠፋል!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታውን ቆይተን እናየዋለን። ስልኩን እንዳትዘጊ።»

ከፈረዱት ሦስት ሽማግሌዎች በሕይወት ያለው አንዱ ብቻ ነበር፤ ዕድሜ ያጎበጠው፣ ከደጁ የማይርቅ ሼህ። ጣሂር ስልኩን እንደ ያዘ ወደዚያ ሄደ። ዓሊያ ሁሉን ሰማች፤ የበትሩን ምት፣ የትንፋሹን ከባድነት፣ ውሻ ሲጮኽበት፣ ሴቶች «ወዴት ነው?» ሲሉት፣ እሱም ሳይቆም «ተከተሉኝ» ሲል። ለሩብ ሰዓት ያህል ስልኩን በጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ባዶ ዕቃ ቤት እያሰበች፣ አንድ ሰው በወረባቦ ዳገት ሲወጣ አዳመጠች። ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ ሆነ።

«ድገሚው» አለ ጣሂር። «ከነአባትሽ ስም። ሼሁ ጆሯቸው ከብዷልና ጮክ በይ።»

ደገመችው። ከነአባቷ ስም፣ ከነማዕረጉ ደገመችው። ስትጨርስ የሼሁ ድምፅ በቀስታ ተሰማ፤ «አስተግፊሩላህ፤ እኛ ያልመረመርነውን ፈረድን» አሉ። ከሕዝቡ ማንም አልሳቀም።

«አፈሙዙስ?» አለ ጣሂር።

«ንጹሕ ነበር።»

«አልሰሙሽም።»

«አፈሙዙ ንጹሕ ነበር!»

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አዋጁ የወጣበትን ቀን፣ የታማሚውንና የሟቹን ቁጥር፣ የተዘጋውንና የተከፈተውን በር ሁሉ መዝግበዋል፤ መመዝገብም ይገባል። በጃብሪያ በአንድ ወጥ ቤት፣ በሳፍሮን ሚዛን ላይ የተመዘነችውን ሠላሳ አንደኛዋን ጥይት ግን ማንም አልጻፋትም፤ ሳትተኮስ የቀረች ጥይት ታሪክ የላትምና። ዓቂድ ፈሪድ ማሽኑን ለአሮጌ ብረት ገዢ ሸጠው፤ ስለዚያ ወራትም እስከ ዛሬ አይናገርም። ወረባቦ ያለችው መንደር ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሽማግሌውን ጣሂር ብላ ትጠራዋለች፤ ነጃትም የጣሂር ልጅ ናት።